‹የለም› ከማለት በፊት

ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ አራስ ቤት ሳወራችሁ ለቆየሁ ሰው የዛሬው ርእስ ሊገርማችሁ ይችላል። የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ግን አትሽሹ፤ መጨረሻው ጤና ጣቢያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ የልጄ ልጅ ጠረጴዛውን በላፕቶፕና በወረቀት ሞልቶ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከሚማረው ትምህርት ሌላ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ‹5 ሚሊዮን ኮደሮች› ሥልጠና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይለማመዳል።

«ምን ሆንህ?» አልሁት።

«እምዬ፣ የጻፍሁት ኮድ ትክክል ነው። ግን ይዘገያል፤ መልመጃው አልቀበል አለኝ።»

ጥያቄውን እንዲያስረዳኝ አደረግሁት። የ30,000 ሰዎች ስም ያለበት አንድ ዝርዝር አለ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር እነሱ ‹አሬይ› ይሉታል፤ በፓይተን ደግሞ ‹ሊስት› ነው። ሌላ 30,000 ተፈላጊ ስም አለ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ተፈላጊ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ ካለ ስንተኛው ላይ ነው፣ ይህን መናገር አለበት። ልጁ የጻፈው ፕሮግራም አንድ ስም ይዞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስኪያገኘው ድረስ አንድ በአንድ ያያል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ስም ይዞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሳልወድ ሳቅሁ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ፤ የካርድ ክፍል ሥራ ነው።

ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ጤና ጣቢያ ውስጥ በሽተኛው መጀመሪያ የሚቆመው ሐኪም ፊት ሳይሆን ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነበር። ካርዱ ካልወጣ ምርመራ የለም። ካርድ አውጪው ጎበዝ ከሆነ ወረፋው ይቀልላል፤ መደርደሪያው ከተዘበራረቀ ግን ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። የኮምፒውተሩም ነገር ያው ነው፤ ማሽኑ እጁ ፈጣን ስለሆነ መዝረክረኩ ቶሎ አይታይም እንጂ።

ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። አንድ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ የለም ለማለት 30,000ውንም ማየት ግድ ነው። ተፈላጊዎቹ ሁሉ እንዲህ ቢሆኑ 30,000 ጊዜ 30,000፣ ማለትም 900 ሚሊዮን ማነጻጸር ነው። «አየህ፣ ኮድህ ሰነፍ አይደለም» አልሁት። «በጣም ይለፋል። ግን ሳይደረድሩ መፈለግ ልፋቱ አያልቅም።»

አንድ ወረቀት ቀድደን አሥራ አምስት ብጣሽ አወጣንና በየአንዳንዱ ላይ ስም ጽፈን በፊደል ቅደም ተከተል ደረደርናቸው፤ ከሀ እስከ ፈ። ከዚያ አንድ ስም እንዲፈልግ ነገርሁት፤ መጀመሪያ የሚገልጠው ግን መካከለኛውን ብቻ ነው። የሚፈልገው ስም ከመካከለኛው በኋላ የሚመጣ ከሆነ ከመካከለኛው በፊት ያሉትን ሰባቱን ሳያይ ይተዋቸዋል። የቀሩትንም እንዲሁ ከመካከል ይገልጣል። አሥራ አምስት ብጣሽ ሰባት፣ ሰባቱ ሦስት፣ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ፤ ቢበዛ አራት መግለጥ ነው። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ‹ወ›ን ፈልጎ ከ‹ሀ› የሚጀምር የለም።

የዚህ ዘዴ ጉልበቱ የሚታየው ዝርዝሩ ሲረዝም ነው። ለ1,000 ስም ቢበዛ 10 ጊዜ ማየት ይበቃል። ለ30,000 ስም 15፣ ለአንድ ሚሊዮን 20፣ ለ100 ሚሊዮን ደግሞ 27 ጊዜ ብቻ ነው። ዝርዝሩ እጥፍ ሲሆን ልፋቱ በአንድ ብቻ ይጨምራል። የልጁ 900 ሚሊዮን ማነጻጸር ወደ 450,000 ወረደ፤ ሁለት ሺህ ጊዜ ቀለለ ማለት ነው። ለመደርደር የሚወጣው ጉልበትም ቢበዛ እዚያው ቁጥር አካባቢ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል።

ነገሩን ለማሽን ማስረዳት ግን ከብጣሹ ጨዋታ ይከብዳል። ሁለት ምልክት ይያዛል፤ መነሻና መድረሻ። መካከላቸው ያለው ስም ይታያል። ተፈላጊው ከእሱ በኋላ ከሆነ መነሻው ከመካከለኛው አንድ ያልፋል፤ በፊት ከሆነ መድረሻው ከመካከለኛው አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። መነሻው መድረሻውን ካለፈ ስሙ የለም። ልጁ በመጀመሪያ ሙከራው ‹አንድ ያልፋል› የሚለውን ረስቶ መነሻውን እዚያው መካከለኛው ላይ አቆመው። ሁለት ስም ብቻ ሲቀር መካከለኛው ራሱ መነሻው ሆነና ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ ቀረ። የላፕቶፑ ማራገቢያ እስኪጮህ ጠበቅነው።

«አትፈር» አልሁት ቆይቶ፣ እሱ ራሱ ያነበበውን ሲያጫውተኝ። ይህን በግማሽ እየከፈሉ የመፈለግ ዘዴ ለኮምፒውተር መጀመሪያ ያስረዳው ጆን ሞክሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946። ለማንኛውም ብዛት ያለ ስሕተት የሚሠራው ግን በጽሑፍ የወጣው በ1960 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ። ጃቫ በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይሰጥ የነበረው ፕሮግራምም ለዘጠኝ ዓመት ገደማ ስሕተት ይዞ ኖሯል። መካከለኛውን ለማግኘት መነሻና መድረሻን ደምሮ ለሁለት ያካፍል ነበር፤ ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሲሆን ድምሩ ለቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ ይተርፍና ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ2006 ይህን ለዓለም የነገረው ያንኑ ፕሮግራም የጻፈው ጆሽዋ ብሎክ ራሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ከመደመር ልዩነታቸውን ለሁለት ከፍሎ መነሻው ላይ መጨመር። በፓይተን ቁጥር እንደዚያ ስለማይፈስ ልጄ ከዚያኛው አደጋ ድኗል።

ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ሰው በሚታከምባቸው ሆስፒታሎች ካርዶችን በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሚከፍል አሠራር አለ። ቁጥሩ በ13 የሚያልቅ ካርድ 13 ቁጥር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከ00 እስከ 99 አንድ መቶ መደርደሪያ ይሆናል፤ 30,000 ካርድ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 300 ይደርሰዋል። አዲስ ካርድ ሲወጣም አንድ ጫፍ ላይ ሳይከመር በየመደርደሪያው ይበተናል። ካርድ አውጪው የት ልፈልግ አይልም፤ ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል። በፓይተን ‹ዲክሽነሪ› የሚባለው በዚሁ መንፈስ ይሠራል፤ ከስሙ አንድ ቁጥር ያሰላል፣ ከቁጥሩም መደርደሪያውን ያውቃል። ስሙ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚፈጥን አይገኝም። ነገር ግን ‹ከዚህ ስም ቀጥሎ ማን አለ?› ብትሉት አይመልስም፤ ለዚያ የተደረደረው ዝርዝር ይሻላል። አንድ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ለመፈለግ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ተዉት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማየት ይበቃል። ለአንድ ካርድ ተብሎ ክፍሉ ሁሉ አይደረደርም።

ልጁ አስተካክሎ ሲያስኬደው ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ መልሱ ወጣ። ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ የልማዴን አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«እስቲ ኃይሉን ፈልግልኝ።»

እሱም ‹ሀይሉ› ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ወዲያው መለሰ፦ የለም።

ዝርዝሩን ወደ ታች እንዲያወርደው ነገርሁትና በዓይኔ ፈለግሁት። አለ። በ‹ኃ› ተጽፏል።

«እምዬ፣ እሱ እኮ ሌላ ፊደል ነው» አለኝ።

ለማሽኑ ልክ ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ‹ሀ› 4608 ነው፣ ‹ሐ› 4624፣ ‹ኀ› ደግሞ 4736። ስለዚህ ፓይተን ስሞችን ሲደረድር በ‹ሀ› የተጻፈው ኃይሉና በ‹ኃ› የተጻፈው ኃይሉ ጎረቤት አይሆኑም፤ በመካከላቸው ለማ፣ መኮንን፣ ረታ፣ ሰናይት፣ በላይና ተስፋዬ ከነዘመዶቻቸው ይሰለፋሉ። ‹ሠ›ና ‹ሰ›፣ ‹አ›ና ‹ዐ›፣ ‹ጸ›ና ‹ፀ›ም እንደዚሁ ናቸው። ጆሯችን አንድ የሚለውን ማሽኑ ሁለት ይለዋል።

እዚህ ላይ ለልጁ ለማንም ብዙ ያላወራሁትን ነገር ነገርሁት።

በ1990ዎቹ ነው፤ በጎጃም አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ኮምፒውተር አልነበረንም። በገበያ ቀን አንድ ጎልማሳ ገበሬ እግሩ ቆስሎና አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት መጣ። ስሙን አልናገርም፤ ለምሳሌ ኃይሉ ልበለው። ቁጥሩ ያለበትን ትንሿን ካርድ ጥሏታል። ካርድ አውጪው በስም ማውጫው ‹ሀ› ላይ ፈለገ፣ ‹ሐ› ላይም ፈለገ፤ «የለም» አለ። አዲስ ካርድ ወጣለት። መርማሪው ባዶውን ካርድ አይቶ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘ። ትእዛዙ እኔ ዘንድ መርፌ ክፍል መጣ።

መድኃኒቱን በጥብጬ መርፌው ውስጥ ስቤያለሁ። እንደ ደንቡ ጠየቅሁት፦ «መርፌ ተወግተው የታመሙበት ጊዜ አለ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው ሲስተር፣ ካርዴ ላይ በቀይ ተጽፎ የለም እንዴ? ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ልሞት አልነበር?» አለኝ።

እጄ ቀዘቀዘ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ እኛን አምኖ ነው ዝም ያለው። ካርዱን እንዳነበብነው ቆጥሮታል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሲወጋ ፊቱ ሊያብጥ፣ አየር ሊያጥረው፣ የደም ግፊቱ በደቂቃ ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ አድሬናሊን ቶሎ ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል። መርፌውን አስቀምጬ ሌላ መድኃኒት እንዲታዘዝለት መለስሁት።

ከሥራ በኋላ ከካርድ አውጪው ጋር ማውጫውን ከመጀመሪያው ጀምረን አንድ በአንድ ገለጥን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ካርዱ ‹ኃ› ዘንድ ተኝቷል። በቀይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዳለ ነው። ስሙንም ማስጠንቀቂያውንም የጻፈው እጅ የእኔ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ካርድ አውጪው ባልነበረበት ቀን እኔው አውጥቼለት፣ በትምህርት ቤት በተማርሁት ሆሄ ጽፌ፣ ማንም ሳላማክር ‹ኃ› ላይ ከትቼዋለሁ። ካርድ አውጪው ደግሞ ‹ሃ ሁሉ ሀ ላይ› የሚል የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሁለታችንም በየራሳችን ሥርዓት ልክ ነበርን። መሞት የነበረበት ሦስተኛው ሰው ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ኮዱን ምን ላድርገው?» አለኝ። አብረን አሰብንበት።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም እንዲይዝ ተስማማን። አንደኛው ባለቤቱ እንደሚጽፈው የሚጻፈው ነው፤ እሱ አይነካም። ሁለተኛው የመፈለጊያ ስም ነው፤ በእሱ ላይ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓና ኃ ሁሉ ‹ሀ› ይሆናሉ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመለሳሉ፤ ክፍተቱና ዝባዙም ይወጣል። የመጀመሪያውን ስም እናጥፋው አላልሁም። ሠረቀ ማለት ብርሃን ወጣ ነው፤ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ነው። በሰው ካርድ ላይ ይህን ማቀያየር ነውር ነው።

ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ ዝርዝሩ የሚደረደረውም የሚፈለገውም በአንዱ ስም፣ በመፈለጊያው ስም መሆን አለበት። በአንዱ ደርድሮ በሌላው መፈለግ የእኔና የካርድ አውጪው ታሪክ ነው። በግማሽ የሚከፍለው ፍለጋ ዝርዝሩ በትክክል መደርደሩን አይጠይቅም፤ አምኖ ይነሣል። ካልተደረደረ ያለውን ስም ሳያመነታ፣ ሳይዘገይ ‹የለም› ሊል ይችላል። አንድ በአንድ የሚያየው ዘገምተኛ ፍለጋ ቢያንስ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ያን ቀን ካርዱን ያገኘልንም እሱ ነው።

አሕጽሮተ ስምም አለ። ገ/ማርያም የሚለው ገብረ ማርያም ነው ብሎ ለማሽኑ ማስተማር ይቻላል። ወ/ማርያም ግን ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? ማሽኑ መገመት የለበትም፤ ሁለቱንም አቅርቦ ሰው ይጠይቅ። የአባትና የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ የሚጠየቀው ለዚሁ ነው። ቁጥር ከስም የሚሻለውም በዚህ ነው፤ የፋይዳ 12 አሃዝ በ‹ሀ› ይጻፍ በ‹ኃ› የሚል ክርክር የለበትም። ግን ቁጥሩን የጣለ ሰው ሲመጣ መመለሻችን ያው ስም ነው።

ልጁ እኩለ ሌሊት አካባቢ ‹ሀይሉ› ብሎ ጻፈ፤ ኃይሉ ወጣ። ከዚያ በራሱ አንድ ነገር ጨመረ፦ ማሽኑ ካጣ ‹የለም› ከማለት ይልቅ ‹በዚህ አጻጻፍ አላገኘሁም› እንዲል አደረገው። ይህን እኔ አልነገርሁትም።

ለእናንተ ለአንባብያን ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ። የልጆቻችሁ ስም በክትባት ካርድ፣ በትምህርት ቤትና በመታወቂያ ላይ በአንድ ሆሄ መጻፉን አመሳክሩ። የጤና ተቋም ትንሿን ካርድ እንደ ገንዘብ ያዙ። ከሁሉም በላይ፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት ካለ ‹ካርዴ ላይ አለ› ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ በየሄዳችሁበት፣ በየጊዜው በአፋችሁ ተናገሩ። እኛ ካርዱን አላገኘነው ይሆናል።

ሰላም ሰንብቱ፤ ሳምንት እንገናኝ።